ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ ማብላት፦ ከማንኪያው በፊት መቀመጫው

ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት ምክንያት ጡንቻንና እንቅስቃሴን መቆጣጠር የሚያስቸግርበት ሁኔታ) ላለበት ልጅ ቴራፒ ሲባል ብዙ ቤተሰብ የሚያስበው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ሄዶ የሚገኘውን ፊዚዮቴራፒ ብቻ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካሉት ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ልጅ አዝሎ ያን መንገድ በየሳምንቱ የሚመላለስ ስንቱ ነው? ልጁ ግን በቀን አራት አምስት ጊዜ ይበላል። ክፉኛ የተጎዱትን ልጆች ከሁሉ በላይ የሚነጥቀን የሳንባ ሕመም ነው፤ ለዚህም አንዱ ዋና ምክንያት ምግብና ፈሳሽ ወደ አየር ቧንቧ መግባቱ ነው። ቤት ውስጥ ከሚሠራው ሁሉ አመጋገቡን የማስቀድመው ስለዚህ ነው።

ጭን ላይ አንጋልሎ መጋት ይቅር። ጭንቅላታችሁን ወደ ኋላ ሰቅላችሁ ምራቃችሁን ለመዋጥ ሞክሩ፤ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይገባችኋል። በዚያ አኳኋን ልጁ ሳይውጥ ምግቡ በራሱ ይወርዳል፣ የአየር ቧንቧውም ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል። መሆን ያለበት ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ አገጭ ትንሽ ወደ ደረት ዘንበል ማለት፣ ዳሌና ጉልበት በ90 ዲግሪ መታጠፍ፣ የእግር መዳፍ ሙሉ በሙሉ ማረፍ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። እግር አየር ላይ ከተንጠለጠለ ልጁ ገላውን ይገትራል፣ አንገቱም ወደ ኋላ ይሄዳል። ሲገተር ደግሞ ማጅራቱን በእጅ ወደ ፊት መግፋት ያባብሰዋል፤ ዳሌውን አጥፉት፣ ትከሻውን ከኋላ ወደ ፊት ደግፉት።

ወንበሩን ማንኛውም አናጢ ከባሕር ዛፍ ጣውላ ይሠራዋል። ልኩ ግን የልጁ ይሁን። የመቀመጫው ጥልቀት ከቂጡ ጀርባ እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ ተለክቶ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይቀነስለታል። ከፍታው ጫማ አድርጎ ከተረከዙ እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ ነው። ቀበቶው ሆድ ላይ አይታሰርም፤ ጭን ከገላ በሚታጠፍበት መስመር ላይ ሆኖ ወደ ኋላና ወደ ታች በ45 ዲግሪ ይወጠራል። እግሮቹ የሚጠላለፉ ከሆነ በጉልበቶቹ መካከል በስፖንጅ የተሸፈነ እንጨት ይቁም፤ ብሽሽቱን እንዳይነካው ተጠንቀቁ። ከፊት ለፊቱ በክርኑ ከፍታ ጠረጴዛ ይኑር፤ ክንዶቹ እዚያ ሲያርፉ ትከሻው ይረጋጋል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው «ያድግበታል» ተብሎ ወንበሩ ሰፍቶ ሲሠራ ነው። ጥልቀቱ ሲበዛ ልጁ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ አገጩ ወደ ላይ ይነሣል። ወንበሩን መጣል አያስፈልግም። ከጀርባው ጣውላና ስፖንጅ ጨምሩ፣ ከእግሩ ሥር ጡብ ወይም ሳንቃ አድርጉ፣ ሲያድግ ቀንሱ። በየስድስት ወሩ እንደገና ለኩ።

አሁን ማንኪያው። ትንሽና ጠፍጣፋ፣ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ይሁን፤ ማንኪያ ነክሶ የሚይዝ ልጅ ብረት ጥርሱን ይጎዳዋል። ፊት ለፊቱ፣ ከዓይኑ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ከላይ የመጣ ማንኪያ አገጩን ያስነሳዋል። ግማሽ ማንኪያ ብቻ አድርጋችሁ በምላሱ መካከል ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ጫን አድርጉ፤ ምላሱ ወደ ውጭ መግፋቱን ይቀንሳል። ከንፈሩ እስኪገጥም ጠብቁና ማንኪያውን ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ፤ የላይኛው ጥርስ ላይ አትጥረጉት። ከነከሰው አትጎትቱ፣ መንጋጋው ራሱ ይለቃል። ጉሮሮው ከፍ ብሎ ሲመለስ ካላያችሁ ሁለተኛው ጉርሻ አይገባም።

ለእነዚህ ልጆች ውኃ፣ ሻይና ወተት ከምግብ ይልቅ ያስቸግራሉ፤ ቀጭን ፈሳሽ ፈጥኖ ይወርዳል። ትን የሚለው ልጅ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ አጥሚት ይሻለዋል። የገብስ ገንፎ ጥሩ ነው፣ ግን ላንቃ ላይ ይጣበቃል፤ በወተትና በቅቤ አለስልሱት። አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወደ 40 ካሎሪ ይጨምራል፣ ትንሽ ለሚበላ ልጅ ይህ ብዙ ነው። ቆሎና ደረቅ በሶ ፈጽሞ አይሰጡ። ጭብጦም ይፈረፈራል። ቅንጬ በቀጭን ወተት የሚመስለውን ያህል የዋህ አይደለም፤ ፈሳሹ ቀድሞ ሲወርድ ፍሬው አፍ ውስጥ ይቀራል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ መንዝም ደጋ ነው። ብርድ የተገተረን ጡንቻ የባሰ ያጠነክረዋል። ጠዋት ከመብላቱ በፊት በጋቢ ወይም በባና ይሙቅ፣ ክንዱና እግሩ ቀስ ተደርጎ ይፍታታ። ጭስ የሞላበት ማድ ቤት ውስጥ ግን አታብሉት።

ከ30 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ማዕድ ልጁንም እናቱንም ይጨርሳል፤ መጠኑን ቀንሶ ማደጋገም ይሻላል። ከበላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይተኛ ይቀመጥ።

ሳል ብቻ አትጠብቁ። ድምፁ ውኃ የያዘ ከመሰለ፣ ዓይኑ እንባ ካቀረረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ማብላቱን አቁሙ። ሳል ሳይኖር ወደ ሳንባ የሚገባበት ልጅ አለ። በዓመት ደጋግሞ የሳንባ ምች የሚይዘው ልጅ ደግሞ መድኃኒት ተሰጥቶት ብቻ አይመለስ፤ አዋዋጡ እንዲታይለት ሐኪሙን ጠይቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ በትንታ ምክንያት በራሳችሁ አታቋርጡ፣ በሌላ መልክ ይሰጠው እንደሆነ አማክሩ። በየወሩ ጤና ኬላ ይመዘን፤ መቆም ካልቻለ መጀመሪያ ታቅፋችሁት፣ ቀጥሎ ብቻችሁን ተመዘኑና ልዩነቱን ጻፉ። ሁለት ወር ተከታትሎ ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ ሦስተኛውን አትጠብቁ።