አስወረደኝ ወይስ አስወረድኩ

እማዬ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጥታ «አስወረደሽ አሉ፣ ልጄ» ስትለኝ «አዎ፣ አስወረደኝ» አልኳት። አስወርጄ ነው። ልዩነቱ የቃሉ ጫፍ ላይ ብትሆንም አራት ወር እንቅልፍ የነሳችኝ ያቺ ልዩነት ናት።

ፈልገነው የመጣ እርግዝና ነበር። በ20ኛው ሳምንት አልትራሳውንዱን የሚያነሳው ሐኪም ወሬውን አቋርጦ ዝም አለ። የራስ ቅሉ አልተፈጠረም፤ ቢወለድም ከሰዓታት ወይም ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም አለን። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እንዲህ ሲሆን ማቋረጥን ይፈቅዳል። ከባለቤቴ ጋር ወሰንን። አንድም ቀን አልተጸጸትኩም፤ ሐዘኔን ግን ሰው ሁሉ ጸጸት ያደርግብኛል ብዬ ደበቅሁት።

በሦስተኛው ቀን ጡቴ አጋተ። ሸሚዜ ሲረጥብ ላብ መስሎኝ ነበር። ሲገባኝ ሻወር ቤት ገብቼ፣ ቆልፌ፣ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ። በዚያ ዕድሜ የተቋረጠ እርግዝና ወተት ሊያመጣ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም። ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣና ቀዝቃዛ ጨርቅ እንደሚያስታግስ፣ ጡቱን ባለቡት ቁጥርም ወተቱ እንደሚጨምር የሰማሁት ዘግይቼ ነው። በቀጠሮዬም ስለ ደሙ ተጠየቅሁ፤ ስለ እንቅልፌ የጠየቀኝ የለም።

ሰው ሲሞትብን የምናደርገውን እናውቃለን፤ እድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ለቀስተኛው ይመጣል። ለእኔ ጎረቤቶቼ «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። አልፈርድባቸውም፣ ምን እንደሆነ መች ነገርኳቸው?

በአራተኛው ወር ባለቤቴ እየጎተተ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ወሰደኝ። ሲስተሯ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም... መጨረሻው ሞትን ተመኝተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ነው። «አንዳንዴ» አልኳት። ከ27 ነጥብ 16 አመጣሁ፤ ነጥቡ በበዛ ቁጥር ድብርቱ የከፋ ነው። በየሳምንቱ እንድመጣ ቀጠረችኝ፤ የመጀመሪያው የቤት ሥራዬ ለአንድ ሰው ብቻ እውነቱን መናገር ነበር።

ታላቅ እህቴን መረጥኩ። ስጨርስ «ወንድ ነበር ሴት?» አለችኝ። ያን ያህል ጊዜ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ወንድ» አልኳት፤ አብረን አለቀስን፣ ያን ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኛሁ።

አሁን ሐኪሜ ያዘዘልኝን ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን በቀን 4 ሚሊ ግራም እየወሰድኩ ነው፤ እንዲህ ያለ እርግዝና ያጋጠማት ሴት እንደገና ከማርገዟ በፊት መጀመር አለባት። ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርኳቸውም። ለእማዬ ፋሲካ ሲያልፍ እነግራታለሁ ብዬ ነበር፤ አለፈ፣ ፔርሙዟም እስካሁን እኔ ቤት ናት።