የጠፋው ስዊች ተገኘ
ጅማ ዛሬ ሲዘንብባት ዋለ። ሥራው ግን ደስ ይል ነበር። የመሥሪያ ቤታችንን ኔትወርክ የዘረጋው ልጅ ከለቀቀ ቆየ፤ የትኛው ገመድ የት እንደሚሄድ የሚያሳይ ወረቀት የለንም። ስለዚህ ሊብሬኤንኤምኤስን ጫንኩ፤ ኔትወርክ ላይ ያሉ መሣሪያዎችን ፈልጎ የሚከታተል ሶፍትዌር ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ኦብዘርቪየም ከሚባል ተመሳሳይ ሶፍትዌር ተገንጥሎ የወጣ።

የአይፒ ክልሉን (የኔትወርኩን አድራሻዎች) ትሰጡትና አንድ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶች የሚሰኩበትን ማገናኛ ሳጥን) ታሳዩታላችሁ። ሶፍትዌሩ በኤስኤንኤምፒ (መሣሪያዎች ስለራሳቸው በሚጠየቁበት ቋንቋ) ይጠይቃል፤ ስዊቹ በኤልኤልዲፒ (መሣሪያዎች ራሳቸውን ለጎረቤት በሚያስተዋውቁበት ዘዴ) ያወቃቸውን ጎረቤቶቹን ይናገራል። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቹ፣ ከነሱም ወደ ቀጣዮቹ። ቤት ለቤት እየዞረ አባል እንደሚመዘግብ የእድር ጸሐፊ በሉት። ምሳ በልቼ ስመለስ ማንም የማያስታውሰው ስዊች ዝርዝሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ሄደን ፈለግነው፤ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ ይሠራል። ጀግና!

(በነገራችን ላይ፣ የኤስኤንኤምፒ የይለፍ ቃላችሁ አሁንም «ፐብሊክ» ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። ቨርዥን 2ሲ ቃሉን ሳያመሰጥር ነው የሚልከው፤ የሚቻል ከሆነ ወደ 3 እለፉ።)

የሒሳብ ክፍሉ ጋሼ «ሶፍትዌሩን ስንት ገዛችሁት?» አሉኝ። «በነጻ ነው ጋሼ» ብላቸው ሳቁብኝ። እውነትም ሰርቨሩና የኔ ሰዓት በነጻ አይደሉም። ግን የፈቃድ ክፍያ በዶላር ከመለመን ይሻላል።

ነገ ሁለተኛው ሕንፃ ነው። እዚያ ኤስኤንኤምፒ ያልተከፈተባቸው መሣሪያዎች ስላሉ ኤንማፕ በሚባል የኔትወርክ መቃኛ ነው የማሳድዳቸው።