ለአድዋ በዓል፣ ስለ አንድ የታሪክ መምህር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአድዋ ድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ሀገር ቤትም ሁኑ ባሕር ማዶ፣ በያላችሁበት የደስታ ቀን ይሁንላችሁ።

በየዓመቱ በዚህ ቀን ስለ ዐፄ ምኒልክ፣ ስለ እቴጌ ጣይቱ፣ ስለ ራስ አሉላ፣ ስለ ፊታውራሪ ገበየሁ እንጽፋለን። ይገባቸዋል። ዘንድሮ ግን ስለ አንድ የታሪክ መምህር ልጽፍላችሁ ወደድኩ። ጦር ሜዳ አልዋሉም። ሲወለዱ አድዋ ካለፈ 31 ዓመት ሆኖት ነበር። ያረፉት ደግሞ የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፣ የድሉ በዓል ሊከበር ሁለት ሳምንት ሲቀረው። የካቲት በመጣ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ለዚህ ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት።

ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። «የኢትዮጵያ ወዳጅ» ሲባሉም ሰምታችኋል። እውነት ነው፣ ወዳጅ ነበሩ። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ሠራተኛነታቸው ነው። ከ20 በላይ መጻሕፍት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች። ያውም ለምሁራን ብቻ አይደለም። ለተራው የጋዜጣ አንባቢም በየሳምንቱ ታሪክ ይጽፉ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤታቸው ነው። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ፣ በተደጋጋሚ የታሰሩ፣ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ አድማ የተሰቃዩ ሴት ናቸው። አባታቸው ሲልቪዮ ኮርዮ ግን ጣሊያናዊ ናቸው። አዎ፣ ጣሊያናዊ። ፋሽዝምን የሚቃወሙ ስደተኛ ነበሩ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዕለት ሲልቪያ እንግሊዝ ሀገር «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ጀመሩ። ዓለም «ኢትዮጵያ አለቀላት» ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ጋዜጣው 20 ዓመት ቆየ። ትንሹ ሪቻርድ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ማለዳ ማታ የኢትዮጵያ ነገር በሚነሣበት ቤት ነው ያደጉት።

በ1948 ዓ.ም. እናትና ልጅ ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። ሪቻርድ ለንደን ላይ የተማሩት የኢኮኖሚ ታሪክ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ማስተማር ጀመሩ። ሲልቪያ በ1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ልጃቸው ሥራቸውን እዚሁ ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፕሮፌሰሩ የጻፉት ታሪክ የነገሥታት ብቻ አልነበረም። አሞሌ ጨው በየገበያው ስንት ይመነዘር ነበር? የኦስትሪያዋ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር እንዴት እኛ ሀገር መገበያያ ሆነ? ከተሞች እንዴት ተቆረቆሩ? ሰው ሲታመም በምን ይታከም ነበር? ይህን ይህን ነው ያጠኑት። እንዲህ ያለ ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ተጠርዞ አይገኝም። ከተጓዦች ማስታወሻ፣ ከነጋዴ ሒሳብ፣ ከቆንስል ሪፖርት ተለቅሞ ነው የሚሰበሰበው። በወንጌሉ ብራና ባዶ ገጽ ላይ አንድ ጸሐፊ የመሬት ሽያጭ ከነዋጋው፣ ከነምስክሮቹ ስም አስፍሮ ይሆናል። ለሌላው ሰው የማይረባ ነገር ነው። ለታሪክ ሰው ግን መሬት ማን ይሸጥ፣ ማን ይገዛ እንደነበር የሚናገር ምስክር ነው። አንዷን ከሌላዋ ጋር ማገናኘት ዓመታት ይፈጃል።

ከዛሬው በዓል ጋር ይበልጥ የሚያያዘው ግን «ክፉ ቀን» ስለተባለው የረሃብ ዘመን ያጠኑት ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የከብት ዕልቂት ሀገሩን መታው። በሽታው በምፅዋ በኩል፣ ጣሊያኖች ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ ይታመናል። በሬው አለቀ። እርሻው ጦሙን አደረ። በዚያ ላይ ድርቅ፣ አንበጣ፣ ተምች፣ የሰው ወረርሽኝ ተደራረበ። ሕዝቡ «በሬ የለኝም» ብሎ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ረሃቡ የበረደው 1884 ዓ.ም. ገደማ ነው። እስቲ አስቡት። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሳይሞላ ያው ሕዝብ ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ወደ ሰሜን ዘመተ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያሸነፈው ከዚያ ሁሉ መከራ የተረፈ ገበሬ ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ድሉ በዓይኔ ገዝፎብኛል። ፉከራው ደስ ይለኛል፣ ቀረርቶውም እንደዚያው። የገበሬው ባዶ ጎተራ ግን አብሮ ካልተነገረ የአድዋ ታሪክ ጎደሎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ሆኑ። ቦታው ስድስት ኪሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ግቢው ራሱ ታሪክ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት እዚያው ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ጣሊያኖች ያቆሙት ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ወደ ላይ ይወጣል እንጂ የትም አያደርስም። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት እንዲቆጥር ታስቦ የተሠራ ነው። ከነጻነት በኋላ አላፈረሱትም። አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ስድስት ኪሎ የምትመላለሱ ልጆች፣ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ተቋሙ የአንድ ሰው ልፋት ብቻ አይደለም። ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የሚባሉ ፖላንዳዊ ሙዚየሙን በማደራጀት ደክመዋል። የፕሮፌሰሩ ባለቤት ወይዘሮ ሪታም የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት መርተዋል። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ደግሞ ብራናና ሥዕል ከሀገር እንዳይወጣ ገንዘብ እያዋጣ ይገዛ ነበር። እኔም በዚህ በዓል አንድ ነገር ልለምናችሁ። የአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ የቆየ ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የመሬት ውል፣ የአርበኝነት ወረቀት ካለ አትጣሉት። ፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቁና ከጀርባው ጻፉት። ነገ የሚነግራችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።

ከአብዮቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ፕሮፌሰሩ ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። አሥር ዓመት ያህል ቆይተው እንደገና አዲስ አበባ ገቡ።

አሁን ወደ ሐውልቱ እንምጣ። ጣሊያን የአክሱምን ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ከወደቀበት አንሥታ ሮም ወስዳ አቆመችው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል፣ አንቀጽ 37፣ ከኢትዮጵያ የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዛል። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ከሌሎች ምሁራንና ከሕዝቡ ጋር ሆነው ተነሡ። ጻፉ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ደጅ ጠኑ። ሰነዱን በእጃቸው ይዘው ስለነበር «ውሉ እንዲህ ይላል» ብለው ነው የሚሞግቱት። የመምህርነት ሥራ ከክፍል ወጥቶ አደባባይ ሲቆም እንዲህ ነው። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ። ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቆሞ ተመረቀ። 24 ሜትር ርዝመት፣ ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ድንጋይ! ፕሮፌሰሩ ያኔ 80 ዓመታቸው ነበር። ጣሊያን የወሰደችውን ለማስመለስ ከደከሙት አንዱ የጣሊያናዊ ልጅ መሆናቸው ሁሌም ልቤን ይነካኛል።

የመቅደላው ጉዳይ ግን ገና ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎት ነበር። ብራናው፣ ዘውዱ፣ መስቀሉ፣ ታቦቱ። ፕሮፌሰሩ እነዚህን ቅርሶች ለማስመለስ የተቋቋመውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 በኤዲንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሕዝቡ ወጥቶ በእልልታ ተቀበለው። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ግን ዛሬም እዚያው ናቸው። ለሕዝብ አይታዩም። ወደ ቤታቸውም አልተመለሱም። እሳቸው በ89 ዓመታቸው አርፈው፣ እናታቸው ባረፉበት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። ይህ ሥራ ለእኛ ቀርቷል።

የዘንድሮውን «እንኳን አደረሳችሁ» በተለይ ለታሪክ መምህራን ላድርገው። በየዩኒቨርሲቲው፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ በአነስተኛ ደመወዝ፣ መጽሐፍ በማይበቃበት ክፍል ለምታስተምሩ ሁሉ። ያስተማራችሁኝም አላችሁበት። እጅ ነሥቻለሁ። መልካም የድል በዓል!