የሰረዝኩት ጸሎት

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ምስክርነት በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ለጉራ አይደለም። ከጥቂት ወራት በፊት እንኳን መጻፍ፣ ስልኬ ሲጠራ የማን ስም እንደወጣ መለየት አልችልም ነበር። ታሪኩም ከዚያው ከስልኩ ነው የሚጀምረው። ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ዓይኔ መደብዘዝ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ መነጽሬ የቆሸሸ መሰለኝ። እጠርገዋለሁ፣ አደርገዋለሁ፣ ያው ነው። ከዚያ አምፖሎቹ ደከሙ ብዬ አስቀየርኩ። ማታ የመኪና መብራት ሲመጣብኝ ብርሃኑ ተበትኖ ፊቴን ይሞላዋል። በመጨረሻ ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ መለየት አቃተኝ። ሐኪም ጋ ስሄድ የዓይን ሞራ ነው አሉኝ። ዓይን ውስጥ ያለችው ሌንስ በዕድሜ ምክንያት ደፍርሳለች፣ በቀዶ ሕክምና ትወጣና በሰው ሠራሽ ትተካለች፣ በጠብታም በመነጽርም አትጠራም አሉኝ።

እኔ ግን "በጸሎት ይሆናል" ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሁለት ዓመት ቆየሁ። እውነቱን ልናገርና እምነት ብቻ አልነበረም። ዓይኔን በስለት ሲነኩት ሳስበው እግሬ ይከዳኛል። ፍርሃቴን እምነት እያልኩ ስጠራው ነው የከረምኩት። እንደኔ የምታደርጉ ካላችሁ፣ ጸልዩ፣ ግን ቀጠሮውንም ያዙ።

የጸሎት ደብተር አለኝ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ አብረን የጀመርነው ነው። በግራ በኩል የጸሎቱ ርዕስ ከነቀኑ ይጻፋል፤ በቀኝ በኩል መልሱ የሚሞላበት ክፍት ቦታ አለ። ብዙው ተሞልቷል። አንዱ ግን ባዶውን ቀርቶ ነበር። "ልጆቼ ይታረቁ" ይላል።

ሁለት ልጆች ናቸው ያሉኝ። ታላቁ ወንድ፣ ታናሿ ሴት። የተኳረፉት አባታቸው ካረፈ በኋላ ነው። ምክንያቱን አልዘረዝርም። ገንዘብ ነበረበት፤ ከገንዘቡ በላይ ደግሞ አፍ ነበረበት። አራት ዓመት ሙሉ አንዱ ያለበት ሌላዋ አትደርስም። በዓል ሲመጣ እሱ ጠዋት፣ እሷ ከሰዓት ይመጣሉ። እኔ መሃል ላይ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሰዓት እያየሁ አንዱን እሸኛለሁ፣ ሌላዋን እቀበላለሁ። የልጅ ልጆቼ አራት ናቸው፣ ከእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት። ትንንሾቹ ሁለቱ አይተዋወቁም ነበር። አንዱ የሌላዋን መጫወቻ እኔ ቤት ሲያገኝ "ይሄ የማነው?" ይላል። "የእህትህ ናት" እለዋለሁ። "እህት የለኝም" ይለኛል።

ሰው ልኬ አስመክሬያለሁ። ራሴም ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አኩርፌ አይቻለሁ። አንድ ማታ መረረኝ። ደብተሩን አወጣሁና ያንን መስመር ሰረዝኩት፣ ሁለት ጊዜ። ዓይኔ ስለማያይ በግምት ነው የሰረዝኩት። "ጌታ ሆይ፣ ይሄን ትቼዋለሁ፣ ከአሁን በኋላ አልለምንህም። ዓይኔን ብቻ መልስልኝ፣ የልጅ ልጆቼን መልክ ሳላይ አልሙት" አልኩ። የሽማግሌው የያዕቆብ ነገር በልቤ ነበረ። በዘፍጥረት 48 ላይ ዓይኑ ከእርጅና የተነሣ ፈዝዞ ሳለ ልጁ ዮሴፍ ሁለት ልጆቹን ወደ እሱ አቅርቦለት አይደል? አንተን አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ እግዚአብሔር ግን ልጆችህንም አሳየኝ አለው። ያንን ቃል ከነፍሴ ነው የምወደው።

በመጨረሻ ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ቀጠሮ ያዝኩ። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት። የሚያደርሰኝ ሰው ያስፈልጋል፤ ሴቷ ልጄ ቅርብ ስለሆነች ለእሷ መልእክት ልላክ ብዬ ስልኬን አነሣሁ። መጻፍ ስለማልችል ድምፅ ቀድቼ ነው የምልከው። "ልጄ፣ ሐሙስ ዓይኔን ልሠራ ነው፣ ያላንቺ ማን አለኝ፣ እንዳትቀሪ" ብዬ ላክሁ። መልስ የለም። በማግስቱም የለም። ጭንቅ ሲለኝ የጎረቤት ልጅ ጠርቼ አስደወልኩላት። "ምንም አልደረሰኝም እማዬ፣ ግን እመጣለሁ" አለች። ስልኩ አበላሽቶት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ልጄ ይዛኝ ሄደች። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ሰው ሳለ። አንድ ጊዜ፣ አጠር አድርጎ። ያንን ሳል ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲጨንቀው እንዲያ ነው የሚያደርገው። ክንዴን የያዘችው የልጄ እጅ ጠበቅ አለ።

"መልእክትሽ ደርሶኝ ነው እማዬ" አለ። "'ያላንቺ' ትያለሽ እንጂ ለኔ ነው የላክሽው።"

ያኔ ገባኝ። ስማቸው ስልኬ ላይ ከላይና ከታች ነው። እኔ የእሷን የነካሁ መስሎኝ የእሱን ነክቼ ነበር። አንዳቸውንም ተመለሱ አላልኩም። ማለትም አልቻልኩም፤ ነርሷ ስሜን ጠርታ ይዛኝ ገባች።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ የምለው የለኝም። ዓይን ብቻ ነው የሚደነዝዘው፣ ሰው ነቅቶ ነው የሚሠራለት። ብርሃን ይታያል፣ የሐኪሙ ድምፅ ይሰማል። መዝሙር 121ን በልቤ ደጋግሜ ሳልጨርስ "አለቀ እማማ" አሉኝ። ሁለት ዓመት የፈራሁት ነገር ግማሽ ሰዓት አልሞላም! በቀኝ ዓይኔ ላይ መሸፈኛ አድርገው፣ "ከባድ ነገር አያንሡ፣ አያጎንብሱ፣ ዓይንዎን አይሹ፣ ጠብታውን በሰዓቱ ያድርጉ" ብለው ሰደዱኝ። ስወጣ ሁለቱም ልጆቼ ቆመዋል። ወደ ቤት ስንመለስ ማንም አልተነፈሰም።

በማግስቱ መሸፈኛው ተነሣ። ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ። ቤቴ ገብቼ መጋረጃዬን አየሁት፣ ነጭ ነው። እኔ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል ብዬ ልቀይረው ነበር። ግራ ዓይኔን ስጨፍን ነጭ፣ ቀኙን ስጨፍን ቢጫ። እያፈራረቅሁ ስጨፍንና ስገልጥ ብዙ ቆየሁ። ሰማያዊ ነገር ሁሉ ዛሬ የተቀባ ይመስላል። ከዚያ መስታወት ፊት ቆምኩና "ይቺ አሮጊት ደግሞ ከየት መጣች?" አልኩ። የቤቱን አቧራማ አታንሡብኝ። ሰው ይቺን ሴትዮ ዝም ብሎ ሲያያት ነው ለካ የከረመው ብዬ አፈርኩ። ስሙ ይባረክ፣ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ብቻዬን አለቀስኩ።

ቀጥሎ ያሉት ሦስት ሳምንታት ጸጥ ያሉ ነበሩ። ጠብታው በቀን አራት ጊዜ ነው። ጠዋትና እኩለ ቀን ላይ ወንዱ ይደውላል፣ "ጠብታሽን አደረግሽ?" ይለኛል። አመሻሽና ማታ ሴቷ ትደውላለች። አንድም ቀን አልተደራረቡም፣ አንድም ቀን አልዘለሉም። እንዴት እንዲህ ገጠመላቸው ብዬ አላሰብኩም። ሰው አንዳንዴ ዓይኑ በርቶም አያይም።

አንድ አርብ ከሰዓት ሴቷ ደወለችና "እማዬ፣ ቅዳሜና እሁድ የትም አትሄጂም አይደል?" አለችኝ። "የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?" አልኳት። "እንዲያው ነው" ብላ ዘጋች።

አመሻሽ ላይ ጠብታዬን አድርጌ ዓይኔን ጨፍኜ ሶፋው ላይ ጋደም ብያለሁ። ትንሽ ደቂቃ መጨፈን አለበት። ደጅ መኪና ቆመ። በር ሲዘጋ ሰማሁ፣ ከዚያ ሌላ በር፣ ከዚያ ሌላ። የሕፃናት ጫጫታ። መኪናው ግን አንድ ነው። ቀጥሎ ያ ሳል መጣ። ሳሉ ሳያልቅ በላዩ ላይ የሴቷ ልጄ ሳቅ። እነዚህን ሁለት ድምፆች አንድ ላይ ከሰማሁ አራት ዓመቴ ነው። ዓይኔን መግለጥ ፈራሁ። እውነቴን ነው፤ የሚመጣው መድኃኒቱ ይሁን እንባዬ ሳላውቅ በጉንጬ እየወረደ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቁጭ አልኩ።

"አያቴ ተኝታለች" አለ አንዱ።

"አልተኛችም፣ እያለቀሰች ነው" አለችው አንዷ።

ገለጥኩት። ሁሉም በሩ ላይ ተደርድረዋል። ሰፋ ያለ መኪና ተውሰው ስድስቱም በአንድ ላይ መጥተዋል፤ ምራቴና አማቼ ሆን ብለው ቀርተዋል። የልጄ ጺም ሸብቷል። መቼ ነው የሸበተው? የልጄ ግንባር ላይ የአባቷ መስመር ወጥቷል። ሚጣ ጉንጯ ላይ ነጠብጣብ አላት፣ ሰባት ወይም ስምንት፤ እስከዛሬ አላውቅም። ትንሹ ሮጦ መጥቶ ሲጠመጠምብኝ ላነሣው ስል ሁለቱም ባንድ አፍ "እንዳታነሺው!" ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ ተያዩና ሳቁ።

እንዴት እንደሆነ የሰማሁት ቅዳሜ ነው። የነገረኝ ወንዱ ነው፣ እሷ እያረመችው። ያን ሐሙስ ማረፊያው ላይ መሃላቸው ባዶ ወንበር ትተው ተቀምጠው ነበር። ነርሷ ወጥታ "የእማማ ቤተሰብ ማነው?" ስትል ሁለቱም እኩል ተነሡ። "ምናቸው ናችሁ?" "ልጇ ነኝ" አለ፣ "ልጇ ነኝ" አለች። ነርሷ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየችና "ታዲያ እናንተ አትተዋወቁም እንዴ?" አለቻቸው። የጠብታው ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት አንድ ነው። ለማን እንደምትሰጠው ግራ ገብቷት መሃላቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጣው ሄደች።

ወረቀቱን እሷ አነሣች። እሱ ፎቶ ላንሣው ብሎ ስልኩን አወጣ። እሷ ዘርግታ ያዘችለት። "እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ነው ያነሣሁት" አለኝ። "የተንቀጠቀጠው ስልክህ ነው" አለችው። የዚያን ዕለት ማታ የሁለቱ ብልቃጦች ቅደም ተከተል ጠፍቷት ደወለችለት። በነጋታው እሱ ደወለላት። ጠዋትና እኩለ ቀን የኔ፣ አመሻሽና ማታ ያንቺ ተባባሉ። ሦስት ሳምንት በየቀኑ ስለ ጠብታ ሲያወሩ፣ አንድ ቀን ወሬው ከጠብታው አለፈ። እዚያ ላይ የተባባሉትን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ሳሎን መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው አንድ ላይ ተኙ። መተኛት ካልነው ማለት ነው። ጨዋታቸው የኔ ዓይን ነበር፤ "አያቴ፣ በዚህኛው ዓይንሽ ምን አይነት ነኝ? በዚያኛውስ?" በግራው ጭጋግ ናችሁ ስላቸው ይንከተከታሉ። ሲደክማቸው በሁለቱ ትንንሾች ራስ ላይ እጄን ጭኜ ጸለይኩ። ያዕቆብ እጆቹን አጠላልፎ ነበር የባረከው፤ የኔዎቹ ግን አንድ ቦታ አርፈው አልተቀመጡም፣ በየትኛው እጄ የቱን እንደባረክሁ ጌታ ያውቃል።

እሁድ ከመሄዳቸው በፊት ትልቋ የልጅ ልጄ የጸሎት ደብተሬን አገኘች። ማንበብ ትወዳለች፤ ጮክ ብላ ታነባለች። "አያቴ፣ ይሄ ለምን ተሰረዘ? 'ልጆቼ ይታረቁ' ይላል።"

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጄ ደብተሩን ከእጇ ተቀብሎ አየው። ብዙ ጊዜ አየው። ያ ሰረዝ እንዴት ጠማማ እንደሆነ እኔም ያኔ ነው ያየሁት፤ ከላይ ያለውን መስመር ግማሹን ጭምር በልቶታል፣ "ዓይኔ" የሚለውን። ሁለቱንም ነው ለካ የሰረዝኩት። ልጄ ደብተሩን ለእህቱ አቀበላትና ወደ ደጅ ወጣ። ሳለ። እሷም ተከትላው ወጣች።

እኔ ባዶውን ቦታ ለመሙላት እስክሪብቶ ስፈልግ ትንሹ ቀደመኝ። ፊደል እየተማረ ነው፤ "እኔ ልጻፍ፣ እኔ ልጻፍ" አለ። ምን ልጻፍ ሲለኝ "መጡ ብለህ ጻፍ" አልኩት። ምላሱን አውጥቶ፣ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ጻፈው። የ"መ" አንዱ ሆዷ ከሌላው ገዝፏል፣ "ጡ" ቦታ አልበቃት ብሎ ከመስመሩ ወርዳለች። በአዲሱ ዓይኔ ያለ መነጽር ከርቀት ትነበባለች።

ግራ ዓይኔ በሚመጣው ወር ይሠራል። አሁን ደግሞ ማን ይዟት ይሂድ ብለው እየተከራከሩ ነው። ሁለታችሁም ኑ ብያለሁ። ድምፅ ቀድቼ ነው የላክሁት፣ ለሁለቱም። ስማቸውን እያነበብኩ።