አማርኛን ከስሎቬንኛና ከሞንጎሊያኛ ጋር ሳስተያየው

አራት ኪሎ አካባቢ ለውጭ ዜጎች አማርኛ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ ከስሎቬኒያ የመጣች ናት፣ አንዱ ደግሞ ከሞንጎሊያ። ቅዳሜ ጠዋት ካፌ ተቀምጠን አንድ ላይ ይማራሉ። ቋንቋችንን ስናገረው ኖሬ ልብ ያላልኳቸውን ነገሮች ያሳዩኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አማርኛ ከባድ ነው ሲባል እንሰማለን። ለማን ነው የሚከብደው? በእጄ ያለው የማስተማሪያ መጽሐፍ ተማሪው ሁሉ ከእንግሊዝኛ የሚመጣ ይመስለዋል። ግሱ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ መምጣቱን እንደ ትልቅ ጉድ ገጽ በገጽ ያስረዳል። ሞንጎሊያዊው ተማሪዬ ያንን ክፍል ሲያይ ግራ ገባው። ታዲያ ግስ ሌላ የት ይቀመጣል?

እውነቱን ነው። ሞንጎሊያኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ብዙም አይገርምም፤ እንዲህ የሚያደርጉ ቋንቋዎች ሞልተዋል። ግን ቀጠለ። እኛ «ትናንት የመጣ ሰው» እንላለን። እነሱ «ኦችግዶር ኢርሰን ኹን» ይላሉ፤ ትናንት፣ የመጣ፣ ሰው። ቃል በቃል ያው ሰልፍ ነው። እኛ «በልቶ መጣ» ስንል እነሱ «ኢዴድ ኢርሰን» ይላሉ። ትምህርት ቤት ቦዝ አንቀጽ ብለን የተማርነው ነገር እነሱም ጋ አለ፣ ሥራውም ይኸው ነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ «ብሎ» ነው። «እመጣለሁ ብሎ ነገረኝ» የሚለውን ለፈረንጅ ማስረዳት እንዴት እንደሚያደክም ያስተማረ ያውቀዋል። ለምን «ማለት» ሁለት ጊዜ ይነሳል ብለው ይሞግቱሃል። ሞንጎሊያኛ «ኢርነ ገጅ ኸልሰን» ይላል። «ገጅ» ማለት ብሎ ነው፤ «ማለት» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ልጁ ምንም ሳልነግረው ገባው።

«ን»ም አለች። «መጽሐፍ አነበበ» እና «መጽሐፉን አነበበ» ልዩነታቸው የታወቀ ነው፤ የታወቀ ነገር ሲሆን «ን» ትመጣለች። ሞንጎሊያኛም «ኖም ኡንሽሳን» እና «ኖሚግ ኡንሽሳን» ብሎ በተመሳሳይ መንገድ ይለያል።

ዘመድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ አይደሉም። አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ሞንጎሊያኛ ደግሞ የራሱ ቤተሰብ አለው። ግዕዝ እንኳ ብዙ ጊዜ ግሱን ያስቀድማል። አማርኛ ወደ መጨረሻው የገፋው እንደ አገው ካሉት የኩሽ ቋንቋዎች ጋር ለዘመናት አብሮ ስለኖረ ነው የሚሉ የቋንቋ ምሁራን ብዙ ናቸው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ጎረቤት እንደ ደም ዘመድ ቋንቋን ይቀርጻል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ተማሪ «ሁላችንም ይሄዳል» ይላል። «እኔ ይሄዳል፣ አንቺ ይሄዳል።» ምክንያቱም በሞንጎሊያኛ ግሱ ባለቤቱን አይከተልም። እኔም፣ አንተም፣ እሷም «ያቭና» ነው። ወንድና ሴትም አይለይም፤ «ቴር» ካሉ እሱም እሷም ነው። እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል፣ ትሄዳለች ብዬ ስደረድርለት ፊቱ ይጠቁራል።

ስሎቬናዊቷ ግን እዚህ ጋ ቤቷ ነች። ስሎቬንኛ የስላቭ ቋንቋ ነው፤ ግሱ ባለቤቱን ስለሚናገር እንደኛ «እኔ» የሚለውን መተው ይቻላል። ሄደ «ሼው ዬ» ነው፣ ሄደች «ሽላ ዬ»። እንዲያውም ከኛ ይብሳል። ሴት ስለ ራሷ ስታወራ «ሽላ ሴም» ትላለች፣ ወንድ «ሼው ሴም»። እና «ሄድኩ ስል ሴት መሆኔ የት ላይ ይታያል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይታይም፣ አልኳት። አልተዋጠላትም።

ከዚያም የሁለት ነገር መጣ። ስሎቬንኛ ነጠላና ብዙ ብቻ አይበቃውም፣ ለሁለት የተለየ መልክ አለው። «እንሄዳለን» ብዙ ከሆንን «ግሬሞ» ነው፣ ሁለት ከሆንን «ግሬቫ»። እኛ ሁለታችን «ሚድቫ» ነን፤ ሁለታችንም ሴቶች ከሆንን «ሚድቬ»። ዓረብኛም ይህ አለው። አውሮፓ ውስጥ ግን አብዛኞቹ ቋንቋዎች ከጣሉት ቆይተዋል። የሚገርመው፣ ተፈጥሮ ጥንድ አድርጋ የሰጠችንን ዓይንና እጅ ብዙውን ጊዜ በብዙ ቁጥር ነው የሚጠሩት። ሁለት መሆናቸው የታወቀ ነዋ!

አንድ ቅዳሜ መጻሕፍት ቆጠርን። በስሎቬንኛ አንድ ክኒጋ፣ ሁለት ክኒጊ፣ ሦስት ክኒጌ፣ አምስት ክኒግ ይባላል። ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ስሙ መልኩን ይለውጣል። ሞንጎሊያዊው «ነግ ኖም፣ ኾዮር ኖም፣ ታቫን ኖም» አለ፤ አንዳች የተለወጠ ነገር የለም። አማርኛስ? አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት መጽሐፍ፣ አምስት መጽሐፍ። «ሁለት መጻሕፍት» ማለትም ይቻላል፣ ግን መርካቶ ሄዶ «አምስት ደብተሮች ስጠኝ» የሚል ማን አለ? ቁጥሩን አንዴ ከተናገርን ምን ጎደለ? እዚህ ላይ እኔ ከሞንጎሊያዎቹ ጋር ነኝ።

ፊደል ላይ ደግሞ ለስሎቬናዊቷ ተሳካላት። «ትርግ» አደባባይ ነው፣ «ቭርት» የአትክልት ቦታ። በላቲን ሲጻፉ አንድም አናባቢ የላቸውም፣ ሲነበቡ ግን ከ«ር» በፊት እንደኛ ሳድስ ያለች አጭር ድምፅ ትሰማለች። በፊደላችን ጻፍኳቸውና አነበብኩላት። በትክክል ወጣ። የሞንጎሊያው ፊደል ረጅም መንገድ ነው የመጣው። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ጥንታዊ ጽሕፈታቸው በመካከለኛው እስያ ሕዝቦች በኡይጉርና በሶግድ ጽሕፈት በኩል ከሶርያ፣ ከዚያም ከአራማይክ ጽሕፈት የተወለደ ነው። የግዕዝ ፊደልም ከሴማውያን ጽሕፈት የመጣ ስለሆነ ከእሱ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው ማለት ነው። በ1940ዎቹ ሩሲያውያን በሚጽፉበት በሲሪሊክ ፊደል ተተካ፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ የመንግሥት ሰነዶች በሁለቱም እንዲጻፉ ሕጉ ያዛል፤ ዘመኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስሎቬንኛን የሚናገረው ሕዝብ ሁለት ሚሊዮን ከፍ ቢል ነው። በ1550 ስሎቬናዊው የፕሮቴስታንት ሰባኪ ፕሪሞዥ ትሩባር የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት አሳተመበት፤ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ነው። እኛ አገር ይህን ያህል ተናጋሪ ኖሯቸው መጽሐፍ የናፈቃቸው ቋንቋዎች አሉ። ያሳዝነኛል።

አሁን መጽሐፉን ከፊት ወደ ኋላ ማስተማር ትቻለሁ። ለእሱ የመጀመሪያውን ወር ለግስ እርባታ ብቻ ሰጥቼ «ብሎ»ንና «በልቶ»ን በጨዋታ አልፋቸዋለሁ። ለእሷ እርባታውን ቶሎ ጨርሼ «የመጣው ሰው» ላይ እቆያለሁ፤ እንደ ስሎቬንኛዋ ሰውየውን ማስቀደም አሁንም ትወዳለችና። እንግሊዝኛውን ከመሐላችን ካነሳሁት ወዲህ ሁለቱም ፈጥነዋል።