በእንጨት 16፣ በጠመኔ 24

ከኮሌጃችን ለማስተማር ልምምድ የወጡ ተማሪዎቻችንን የምንገመግምበት ቅጽ 20 መስፈርቶች አሉት። እያንዳንዱ ከ5 ነው የሚያዘው። 14ኛው «የተማሪዎችን ስህተት ተከታትሎ በአግባቡ ማረም» ይላል። እዚያች ሳጥን ውስጥ በገዛ እጄ የጻፍኳት 5 እስከ ዛሬ ታሳክከኛለች።

ደሴ ነው። ወሩ ታኅሣሥ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት አደንዝዞ ጠመኔ የሚያስጥልበት። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። 2ኛ ክፍል፣ ሂሳብ፣ ሁለተኛ ፔሬድ። እኔ ከኋላ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበቴን ወደ አገጬ ሰቅዬ፣ ቅጹን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ዕጩ መምህሯ ጎበዝ ናት፤ ዕቅዷ ንጹሕ፣ የሰሌዳ አጠቃቀሟ ያማረ፣ ድምጿ እኔ ዘንድ ድረስ የሚሰማ። መርጃ መሣሪያም አዘጋጅታለች፤ አሥር አሥር ሆነው በላስቲክ የታሰሩ የቀጫጭን እንጨት ጥቅሎች። ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው፣ ሰሌዳው አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለቻቸው፣ በቃ። ፔሬዱ እስኪያልቅ የነካቸው የለም። የመርጃ መሣሪያ ዝግጅት፦ 5።

ከዚያ 52 ሲቀነስ 38 ብላ ጻፈች። ዳር የተቀመጠች ልጅ ወጣችና ሳታመነታ 26 ብላ ጽፋ ዞረች።

«ተሳስተሻል፣ ተቀመጪ። ሌላ?»

ሌላው ወጥቶ 14 አለ። «ጎበዝ! አጨብጭቡለት።» ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ቅጼ ላይ አጎነበስኩ። ስህተቱ ታይቷል፣ ትክክለኛው መልስ ተተክቷል፣ ሁሉም ወደ ደብተሩ ተመልሷል። ምን ቀረ? 5። ሲደመር 88 መጣላት፤ ፈረምኩ።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ገብተን ጦስኝ በሻይ ያዝን። የክፍሉ መምህርት በድሮው ቲቲአይ (የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም)፣ ከ12ኛ ክፍል በኋላ በአንድ ዓመት ሥልጠና ወደ ሥራው የገቡ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው። ግቢው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። ልጆቹን ከ1ኛ ክፍል ይዘዋቸው ነው የመጡት። ለዕጩዋም መካሪ ተብለው የተመደቡት እሳቸው ናቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣

«መምህር፣ ያቺ ልጅ 26ን ከየት ያመጣችው ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ቸኩላ ነዋ፣ እትዬ። ልጅ አይደለች?»

«ቸኩላ» አሉ። ቃሌን ደገሙት እንጂ አልተከራከሩኝም። እንደዚያ እያሉ ያስተማሩኝን አስተማሪዎች ሁሉ አስታወሱኝ።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። እኔ ኮሌጅ ውስጥ የማስተምረው ኮርስ ልጆች እንዴት እንደሚማሩ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የማልዘላት ታሪክ አለችኝ፤ ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒያጄ በወጣትነቱ ፓሪስ ውስጥ በልጆች የአእምሮ ፈተና ላይ ሲሠራ፣ ቀልቡን የወሰደው ልጆቹ ያገኙት መልስ ሳይሆን የተሳሳቱበት መንገድ ነው። ይህችን ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ብራውንና በርተን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት ጥናት አለ። ልጆች ሲቀንሱ ከሚሠሩት ስህተት ብዙው ዝም ብሎ የተወረወረ አይደለም፣ ልጁ በታማኝነት የሚከተለው የተበላሸ ደንብ አለ ይላሉ፤ ከኮምፒውተር ሰዎች ቃል ተውሰው «ባግ» (የፕሮግራም ስህተት) አሉት። ከዚህ ውስጥ በጣም የታወቀው፣ የላይ ይሁን የታች ሳይል ትልቁን አኃዝ ፈልጎ ትንሹን ከእሱ ላይ መቀነስ ነው። ይህን ሃንድአውት ላይ በምሳሌ አስቀምጬዋለሁ። በየዓመቱ ፈተና ላይም አወጣዋለሁ። ከ8 ላይ 2፣ 6፤ ከ5 ላይ 3፣ 2። 26! ፊት ለፊቴ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ «ቸኩላ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ያን ሰዓት ግን ይህ ሁሉ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ሻዩ መቀዝቀዙ ነበር።

እትዬ ልጅቷን ከነደብተሯ አስጠሯት። ደብተሩ ላይ 43 ሲቀነስ 27፣ 24 ይላል፤ 71 ሲቀነስ 56፣ 25። ሁለቱም ላይ በቀይ ኤክስ። ዕጩዋን ጥቅሎቹን እንድታመጣ ላኳትና ጠረጴዛው ላይ በተኗቸው።

«43 አውጪልኝ።»

አራት ጥቅልና ሦስት ነጠላ እንጨት ቆጥራ አስቀመጠች።

«ከእሱ ላይ 27 ስጪኝ።»

ሁለት ጥቅል ሰጠች። ሦስቱን ነጠላ ሰጠች። እጇ አየር ላይ ቆመ። ወደ እኔ አየች፣ ወደ እትዬ አየች፤ ማንም ምንም አላላትም። ከዚያ አንዱን ጥቅል አነሳችና ላስቲኩን በጥርሷ ሳብ አድርጋ ፈታችው። አራት ቆጥራ ጨመረች። (እኛ ለዚህ ነገር «ከጎረቤት መበደር» የሚል ስም አውጥተንለታል። የማይመለስ ብድር! ልጅቷ ያደረገችው ጥቅል መፍታት ነው።)

«ስንት ቀረሽ?»

«16።»

«ደብተርሽ ላይስ?»

«24።»

«ታዲያ የቱ ነው ልኩ?»

ልጅቷ ጥያቄው የገረማት ትመስላለች። «በእንጨት ሲሆን 16 ነው፤ በጠመኔ ሲሆን 24» አለች።

ይህን መልስ የቱ ሳጥን ውስጥ እንደማስገባው ከዚያ ቀን ጀምሮ አስባለሁ። ለእሷ ሁለት አገር ነው። አንዱ አገር ውስጥ እንጨት ይፈታል፣ ይቆጠራል፣ ያልቃል። ሌላው የቲቸር አገር ነው፤ የራሱ ሕግ አለው፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

እትዬ አልሳቁም። «ደብተርሽ ላይ እንዴት አድርገሽ ነው የሠራሽው?»

«ከ3 ላይ 7 አይቀነስማ። ስለዚህ ከ7 ላይ 3።»

«ማነው አይቀነስም ያለሽ?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። ዝም።

«አብሽሪ፣ ንገሪኝ።»

«እርስዎ ነዎት፣ ቲቸር። አምና። ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም ብለውናል።»

ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሻያችን ላይ አቀረቀርን። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ከሩብ ሰዓት በፊት ያሳፈሩኝ ሴትዮ ተራቸው ደረሰ ብዬ ውስጤ እስክስታ መታ። እትዬ ግን የልጅቷን ራስ ዳሰስ አድርገው ሸኟትና፣ «ይኸው፣ ሌባው ተያዘ» አሉ። «ስንቱን ልጅ እንዲህ እያልኩ ነው ያሳለፍኩት፣ ወላሂ!» ደሞ ሻያቸውን ፉት አሉ።

እኔ ብሆን፣ ሕጉ በ1ኛ ክፍል ደረጃ ልክ መሆኑን፣ አሉታዊ ቁጥር ኋላ የሚመጣ መሆኑን ጠቅሼ ግማሽ ሰዓት እከራከር ነበር። ደስታዬ የቀዘቀዘው ይህን ሳስብ ነው።

ዕጩዋን ለብቻ ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ፣ ብርዱ ውስጥ፣ «አየሽ፣ ስህተቱን አርመሻል እንጂ አልመረመርሽውም» አልኳት። በጣም ጥሩ ዓረፍተ ነገር መስሎኝ ነበር።

«መምህር፣ ልጆቹ 60 ናቸው፤ ፔሬዱ 40 ደቂቃ። እያንዳንዱን ከየት አመጣኸው ስል ልዋል?»

«ሁሉንም ባይሆን እንኳ...»

«እሺ። እርስዎ ግን ለዚህ 5 ነው የሰጡኝ። አይቸዋለሁ።»

ቅጹ በክንዴና በጎኔ መሀል ነበር። ይበልጥ አጣበቅኩት።

«እሱ... ተፈርሟል» አልኩ።

«ታዲያ ልክ ነበርኩ ማለት ነው?» አለች። ፊቷ ላይ ቀልድ ፈለግሁ፤ የለም። የምር ነው የጠየቀችኝ። ልክ ከሆነች ልክ ነሽ እንድላት፣ ካልሆነች 5ቱን እንድሰርዝ። መልስ አልሰጠኋትም። «በሚቀጥለው እናያለን» ብዬ ባጃጅ ፍለጋ ወጣሁ። 5ቱም አለ፣ ፊርማዬም አለ፣ 88ቱም በውጤት መዝገብ ገብቷል። ቅጹን እናሻሽል ብዬ በዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ አንስቼ ነበር። 21ኛ መስፈርት ይጨመር ሲባል ግን፣ ድምሩ 105 ሊመጣ ነው በሚል ሌላ አንድ ሰዓት ተከራክረን ተበተንን።

እኔ በበኩሌ ነገሩን አጥብቄ ያዝኩ። አዲስ እምነት የገባው ሰው እንደሚያደርገው፣ በሄድኩበት ክፍል ሁሉ ፔሬድ ሲያልቅ አንድ የተሳሳተ ልጅ ፈልጌ አጠገቡ ቁጭ እል ጀመር። ዕጩዎቹ ስመጣ ሲያዩኝ ይጠቃቀሳሉ።

በሳምንቱ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጃኬቴን አውልቄ፣ ላቤን እየጠረግኩ፣ 3ኛ ክፍል ኋላ ተቀመጥኩ። አንድ ልጅ 64 ሲቀነስ 29ን 53 ብሎ ሠርቷል። የትኛው ደንብ 53 ይሰጣል? ትንሹን ከትልቁ ቢባል 45 ይመጣል እንጂ 53 አይመጣም። ገልብጦ ይሆን? 35ን ከኋላ ወደ ፊት? ሃንድአውቴ ውስጥ የሌለ ባግ ያገኘሁ መሰለኝ። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ከፔሬዱ በኋላ ልጁ አጠገብ ጎንበስ አልኩ።

«ጎበዝ፣ አትፍራ። ይህችን 53 ከየት አመጣሃት?»

ልጁ ግራ ቀኙን አየና፣ በእርሳሱ ጫፍ አጠገቡ ወደተቀመጠው ጓደኛው ጠቆመ።

«ከሱ።»