ምጣድ ዳር የሚያልቅ የሒሳብ ደብተር

ዛሬ ረቡዕ ነው። ጾም ስለሆነ ምሳው ሽሮ ነው። ሽሮ ቶሎ ትደርሳለች፤ የተረፈው ሰዓት ለትምህርት ይሆናል። የፍስክ ቀን ሽንኩርት እያቁላላ ፊደል የሚያስቆጥር ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ትምህርት ቤት አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ልጆቼ ቤት መዋልን ለምደውታል። ስማቸው ከመዝገብ አልወጣም። ሲከፈት ይሄዳሉ፣ ሲዘጋ የኔታቸው እኔ ነኝ። ደሴ ላይ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት የአገሩ ትምህርት ቤት በሙሉ ሲዘጋ ትልቋ ልጄ ገና ትንሽ ነበረች። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ሲመጣ ደግሞ እንኳን ደብተር ነጠላም በቅጡ አልያዝንም። ስለዚያ ሌላ ቀን እጽፍ ይሆናል። ላልጽፍም እችላለሁ።

ልጆቹ ሦስት ናቸው። ትልቋ 8ኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። መሃለኛው 5ኛ ክፍል ነው። ሚጣ ገና ፊደል ላይ ናት። አባታቸው ኮምቦልቻ ስለሚሠራ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው።

ሰው ሁሉ ፕሮግራም አውጪ ይለኛል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ለአንድ ልጅ ይሠራ ይሆናል። ሦስት ልጅ፣ ሦስት ክፍል፣ አንድ እናት ያለበት ቤት ግን የራሱ ደወል አለው። ቁርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን አለ፣ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አለ። እኔ ትምህርቱን በምግቡ ልክ እሰፋዋለሁ እንጂ ምግቡን ለትምህርቱ ብዬ አላዘገይም። የራበው ልጅ ምን ሊገባው!

ጠዋት ቅድሚያ የሚጣ ነው። በአንድ በኩል አእምሮዋ ያኔ ነው ንጹሕ። በሌላ በኩል ደግሞ እሷ ካልተያዘች ማንም አይማርም። ሰፌድ ላይ ዱቄት ዘርግቼ በጣቷ አስጽፋታለሁ። ሀ ሁ ሂ ሃ ብላ እስከ ፐ ስትወርድ ለሰማት ሰው የጨረሰች ትመስላለች። 231ዱንም ትላቸዋለች። ግን በዜማ ነው የያዘቻቸው፤ መሃል ላይ «ይቺ ማን ናት?» ስላት ከ«ሀ» ካልጀመረች አትደርስባትም። የድሮ የኔታዎች ይሄን ያውቁ ነበር። አቡጊዳን ያመጡት ለዚሁ ነው፤ አ ቡ ጊ ዳ እያለ ረድፉን ሲሰባብረው ልጁ ዓይኑን ፊደሉ ላይ ከመትከል በቀር ማምለጫ የለውም። እኔም ሰፌዱ ላይ አዘባርቄ እጽፋለሁ። ትናደዳለች። ትናደድ።

ትልቋ በዚህ ሰዓት ብቻዋን ትሠራለች። ለአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የታተመ መጽሐፍ እንደልብ ስለማይገኝ የምታነበው ከስልኬ ላይ ነው፣ ፒዲኤፉን። ስልኩ አንድ ነው። ስለዚህ ማንም እንዳይደውልልኝ እጸልያለሁ፤ እህቴ ግን ልክ እኩለ ቀን ሳይደርስ ትደውላለች።

ምርጥ ትምህርት የሚገኘው ማንም ሳያስበው ነው። ባለፈው ባቄላ ለንፍሮ ጥጄ አልበስል አለኝ። ትልቋ ምክንያቱን እንድታወጣ ተውኩላት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። እሳቱን ብታበዥውም ውሃው ተኖ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ባቄላው በለዘብተኛ ውሃ ነው የሚቀቀለው፤ እኔም ማገዶ እጨርሳለሁ። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቷ ጋ ለምን ቶሎ እንደሚበስል ያኔ ገባት፤ እዚያ ቁልቁል ስለሆነ ውሃው ሁለት ዲግሪ ያህል ጨምሮ ነው የሚፈላው። አክስቷ በሙያዋ ነበር የምትኮራው። ወዲያው ደውላ ነገረቻት። ሴትዮዋ ደስ አላላትም።

ሦስቱን በአንድ ላይ ማስተማር የምችለው ደግሞ በታሪክ ነው። አይጠየፍን ምሳ ላይ አነሳሁላቸው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ እዚሁ ከተማችን ነው፤ በአጠገቡ ስንቴ አልፈናል። ስሙ «አይጠየፍ» የተባለው ሀብታም ድሀ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁሉንም ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል። ሚጣ አዳራሹን ሣለችና ከውጭ ምድጃ ጨመረችበት። መሃለኛው «እስላሙና ክርስቲያኑ የየራሱን ሥጋ ነው የሚበላው፣ ታዲያ እንዴት አንድ ላይ ግብር ይበላሉ?» ብሎ ጠየቀ። ወሎ ያደገ ልጅ መልሱን ያውቀዋል። የሠርግ ድንኳናችን ሁለት ጓዳ አለው፤ አራጁም ወጥ ሠሪዋም ለየብቻ ናቸው፣ ሳቁ ግን አንድ ነው። ትልቋ በበኩሏ እስከ ሰገሌ ጦርነት ሄደች፤ ጥቅምት 1909 ላይ ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ዙፋን ብለው ዘምተው የተማረኩበትን። አንድ ገጽ ጻፈች። ርእሱ አንድ ነው፣ እያንዳንዱ ግን እንደ አቅሙ ዘገነ። እንዲህ ያለ ቀን ሲገኝ ሰኞን እስከ ዓርብ ይሸከማል።

አሁን ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። መሃለኛው።

ትልቋ ፈተና አለባት፣ ስለዚህ ሁሉም ስለእሷ ይጨነቃል። ሚጣ ትጮኻለች፣ ስለዚህ ሁሉም ወደ እሷ ይዞራል። እሱ ዝም ይላል። «ገባህ?» ስትለው «አዎ» ይላል። ጨዋ ልጅ ነው ብሎ ጎረቤት ይመርቅልኛል። እኔ ግን ዝምታን አላምነውም። ዝም ያለ ልጅ ገብቶት ሊሆን ይችላል፤ ተስፋ ቆርጦም ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱ አንድ ናቸው።

ስለዚህ የቀኑን ምርጥ ሰዓት ለእሱ ሰጠሁት። እንጀራ የምጋግርበትን።

ሰው ሲሰማው ይስቃል። ግን አስቡት፤ ስጋግር የትም አልሄድም። ምጣዱ ያስረኛል። ሚጣም እንዳትቃጠል ስለተከለከለች አትጠጋም። ትልቋ ስልኩን ይዛ ጓዳ ናት። እሱ በርጩማውን ስቦ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ሊጡን ከዳር ወደ መሃል አዙሬ እያፈሰስኩ አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። እንጀራው ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን እደፋበታለሁ። ስከፍተው መልሱ መድረስ አለበት። እንጀራውን በሰፌድ አውጥቼ፣ ምጣዱን አሰስ አድርጌ፣ ሌላ አፈሳለሁ፤ ሌላ ጥያቄ። አንድ እንጀራ፣ አንድ ጥያቄ። ካልደረሰለት አልቆጣም፤ ያው ጥያቄ ለሚቀጥለው እንጀራ ይተላለፋል። ሊጡ ሲያልቅ የቤት ሥራው አልቋል።

አሁን ክፍልፋይ ላይ ነን። ሁለት ስድስተኛና አንድ ሦስተኛ እኩል ናቸው የሚለው ነገር መጽሐፉ ላይ አልዋጥለት ብሎ ነበር። የተሰበረብኝን እንጀራ ለሦስት ቆርጬ ሰጠሁት፣ እያንዳንዱን ደግሞ ለሁለት እንዲቆርጥ አደረግሁ። ስድስት ሆነ። ሁለቱን አንስቶ ድርሻዬ ይሄው ነው አለና አንዱን በርበሬ ነክሮ ጎረሰው። ከዚያ ዝም አለ። ቆይቶ፣ ሳልጠይቀው፣ «አራት አሥራ ሁለተኛም ያው ነዋ» አለ። ከእሱ አፍ ሳይጠየቅ የወጣ ሒሳብ ሰምቼ አላውቅም። ደንግጬ እንጀራው አረረብኝ።

እናቴ ይሄን አትወደውም። «ወንድ ልጅ ምጣድ ስር ምን ይሠራል?» ትለኛለች። «እማዬ፣ ሒሳብ ይሠራል» እላታለሁ። እሱ ግን እንዳትሰማ አድርጎ ማሰሻውን ተቀብሎኛል፤ ጎመን ዘሩን በትክክል ነው የሚያዳርሰው። ካደገ በኋላ ሚስቱ ታመሰግነኛለች።

የማልችለውም አለ። የ8ኛ ክፍል ሒሳብና እንግሊዝኛ ከእኔ አቅም በላይ ሆኗል፤ ትልቋም ታውቀዋለች፣ ለጨዋነቷ አትናገርም እንጂ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን እትዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የሚጠብቅ ልጅ አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያስጠናታል። ገንዘብ አልቀበልም ስላለ ምሳ ይበላል። እትዬም «ልጄን መምህር አድርጌ ላክሁልሽ፣ አንቺ ደግሞ አወፍረሽ ትመልሺልኛለሽ» ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ የእኛ ቤት ሥጋ በሙስሊም እጅ የታረደ ስላልሆነ እንዳይቸገር ብዬ ሽሮና ምስር ብቻ ነበር የማቀርብለት። ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ራሳቸው በሙስሊም የታረደ ዶሮ ገዝተው ላኩልኝ፤ «ሽሮ ሰለቸው መሰለኝ፣ ሊተውሽ ነው» ብለው።

ስለዚህ ለቅዳሜ ሌላ ሰዓት መፈለግ አለብኝ። ዶሮ ወጥ ከተሠራ ሽንኩርቱ ከጠዋት ይጀመራል፣ የሚጣ ሰፌድም ለዚያን ቀን ይታጠፋል። መሃለኛውን ሽንኩርት ከትፎ ስንት ክምር እንደወጣው እንዲያሰላልኝ ጠየቅሁት። ዓይኑን እያሸ «በመቶኛ ነው በክፍልፋይ?» አለኝ።